ለቤት ውስጥ ኬሚካል ፒል የትኛው አሲድ ይሻላል?

ብጉር ጥሎት የሄደውን ጥቁር ምልክት ለማደብዘዝ ቤታቸው ኬሚካል ፒል (አሲድ ቀብቶ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ማስረገፍ) ሊሠሩ ያሰቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «የትኛው ይበረታል?» ብለው ነው። እኔ ግን፣ በተለይ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላለው ሰው፣ መቅደም ያለበት ጥያቄ «የትኛው ቀስ ብሎ ይገባል?» የሚለው ነው ባይ ነኝ። እንዲህ ያለው ቆዳ ሲቆጣ ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ሥራቸውን ያበዙና፣ ቃጠሎው ከዳነ በኋላም ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ይተዋሉ፤ ምልክት ለማጥፋት የተገዛው አሲድም ሌላ ምልክት ያመጣል።

ስለዚህ ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው ማንደሊክ አሲድን ነው። ሞለኪዩሉ ከግላይኮሊክ አሲድ ስለሚተልቅ ወደ ቆዳ የሚዘልቀው በዝግታ ነው፤ ማቃጠሉም ለዘብ ያለ በመሆኑ ነገሩ ሳይከፋ አጥቦ ለማስለቀቅ ፋታ ይሰጣል። ቆዳው ደረቅ ለሆነ ሰው ላክቲክ አሲድ የተሻለ ይስማማል፣ እርጥበት የመያዝ ባሕርይ አለውና። ወዛም ቆዳ ላለውና ብጉር ለሚያስቸግረው ደግሞ ዘይት ውስጥ የሚሟሟውና በዚህም ምክንያት ወደ ተደፈኑ ቀዳዳዎች የሚገባው ሳሊሲሊክ አሲድ ይመረጣል፤ ሆኖም አስፕሪን የማይስማማው ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ አሲድ ፒል መሥራት የለባቸውም። ግላይኮሊክ አሲድ ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ከእነዚህ ሁሉ ፈጥኖ የሚገባ ስለሆነ፣ ሌሎቹን ለወራት ያለ ችግር ለተጠቀመ ሰው ብቻ የምመክረው ነው።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ፐርሰንት ብቻውን የአሲዱን ጉልበት አይናገርም። እኩል 10 ፐርሰንት ግላይኮሊክ ካላቸው ሁለት ምርቶች ፒኤቹ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ መበርታቱን የሚያሳየው መለኪያ) ዝቅ ያለው አብልጦ ያቃጥላል። በአሜሪካ የመዋቢያ ግብዓቶችን ደኅንነት የሚገመግመው የባለሙያዎች ቡድን ለግላይኮሊክና ለላክቲክ አሲድ ያስቀመጠው ወሰን፣ ሰው ራሱ ለሚቀባው ምርት ከ10 ፐርሰንት ያልበለጠና ፒኤቹ ከ3.5 ያላነሰ፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ለአጭር ጊዜ ተቀብቶ ለሚታጠበው ደግሞ እስከ 30 ፐርሰንትና ፒኤቹ ከ3.0 ያላነሰ እንዲሆን ነው። ከዚህ ተነሥቼ፣ ፐርሰንቱን በትልቁ ጽፎ ፒኤቹን የማይገልጽ ምርት አልገዛም፣ ለማንም አልጠቁምም።

ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ፣ በአጭሩ ቲሲኤ፣ ከቤት ውጪ መቅረት ያለበት ነው። በላዩ ላይ ውኃ ማፍሰስ የጀመረውን ሥራ አያስቆመውም፤ ሐኪሞችም የጥልቀቱን ደረጃ የሚያነቡት ቆዳው በሚያሳየው ንጣት ነው፣ ይህም ልምድ ይጠይቃል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ከፍተኛ መጠን ያላቸው የፒል ምርቶች ያለ ባለሙያ ክትትል እንዳይገዙና እንዳይሞከሩ ያስጠነቀቀው በከንቱ አይደለም። ጠንከር ያለ ፒል የሚያስፈልገው ሰው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። ከመቀባቱ በፊት የከንፈር ሄርፒስ ይነሣብዎት እንደሆነ፣ አይሶትሬቲኖይን (ለከባድ ብጉር የሚዋጥ መድኃኒት) ወስደው እንደሆነ፣ ስቴሮይድ ያለበት ማቅያ ክሬም ተጠቅመው እንደሆነ የሚጠይቅ ባለሙያ፣ ሳይጠይቅ ከሚጀምር ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ክሬም ቆዳን ስለሚያሳሳ ቤት ውስጥ ለሚሠራም ያው አደገኛ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ፒል ስሠራ አሲዱ አፍንጫዬና ጉንጬ በሚገናኙበት እጥፋት ውስጥ ተጠራቅሞ ቆየ። የቀረው ፊቴ ደኅና ሆኖ ሳለ እዚያች ቦታ ላይ የጥፍር ራስ የምታህል ቁስል ወጣች፤ የተወችው ጥቁር ነጥብ እስኪጠፋ አምስት ወር ገደማ ፈጀ። ከዚያ ወዲህ የአፍንጫዬን እጥፋት፣ የከንፈሬን ዳርና የዓይኔን ማዕዘን ቫዝሊን ሳልቀባ ጠርሙሱን አልከፍትም። አዲስ ምርት ከሆነ ከጆሮ ሥር ባለው ቆዳ ላይ ሞክሬ 48 ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሰዓት ይዤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አላቆየውም። ሬቲኖል (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ የቆዳ መቀቢያ) የሚጠቀሙ ሰዎች ከጥቂት ቀናት በፊት ያቁሙ፤ በፒሉ ቀንም ፊትን መላጨት ወይም ፀጉር መንቀል አይገባም። በሁለት ፒሎች መካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይሁን፤ የሚረግፈውንም ቆዳ በጣት አይላጡት። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ በየቀኑ ለመቀባት ያልተዘጋጀ ሰው ፒሉን ባይጀምረው ይሻለዋል፤ እነዚህ አሲዶች፣ በተለይ ግላይኮሊክ፣ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉና።

ሳሊሲሊክ ሲደርቅ ፊት ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት መሰል ነገር የአሲዱ ክሪስታል ስለሆነ ሲታጠብ ይለቃል፣ አያስደነግጥም። በግላይኮሊክ፣ በላክቲክ ወይም በማንደሊክ ጊዜ ግን ቆዳው ራሱ ከነጣ፣ ግራጫ ከመሰለ ወይም ውኃ ከቋጠረ፣ ደቂቃው እስኪሞላ ሳይጠብቁ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ደጋግመው ይጠቡትና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።