የአንድሪው ዲክሰን ዋይትን ደብዳቤዎች እንዴት ላጥና?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበሩትን የአንድሪው ዲክሰን ዋይትን ደብዳቤዎች እያጠናሁ ነው። እስካሁን ያነበብኳቸው በአብዛኛው ለእርሳቸው የተላኩ ናቸው፤ እርሳቸው የጻፉትን ከየት ልፈልግ?

መልስ 1 (ባሕር ዳር)፦
ወንድሜ፣ ደብዳቤ የሚቀረው በተቀባዩ እጅ ስለሆነ ፍለጋህን ከተቀባዮቹ መዝገብ፣ በተለይም ከመሥራቹ ከኤዝራ ኮርኔል ሰነዶች ጀምር። ላኪው ለራሱ ያስቀራቸውን የቅጂ ጥራዞችንም ጠይቅ። በዚያ ዘመን በልዩ ቀለም የተጻፈን ደብዳቤ ከረጠበ ስስ ወረቀት ጋር ደርበው በብረት መጫኛ ይጫኑት ስለነበር፣ ቀለሙ ተገልብጦ ይታተምና በወረቀቱ ስስነት ከጀርባው በኩል በትክክል ይነበባል። የደበዘዘውን ገጽ በትዕግሥት መመልከት ያስፈልጋል።

መልስ 2 (ደብረ ማርቆስ)፦
በዚህ እስማማለሁ። ዋይት እ.ኤ.አ. ከ1866 እስከ 1885 ዩኒቨርሲቲውን ሲመሩ፣ ከ1879 እስከ 1881 ሥልጣናቸውን ሳይለቁ በበርሊን የአሜሪካ መልእክተኛ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ባለበት በኢታካ ከተማ በቃል የሚያልቀው ጉዳይ ያን ጊዜ በጽሑፍ መላክ ስለነበረበት፣ እኔ ብሆን ከእነዚህ ዓመታት እጀምራለሁ።

መልስ 3 (ፍኖተ ሰላም)፦
ምክሩ ለእኛም ታሪክ እጅግ ይጠቅማል። የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ደብዳቤዎች የሚፈልግ ተመራማሪም የላኪውን አገር ብቻ ሳይሆን የተቀባዮቹንም መዝገብ ማሰስ ይኖርበታል።