የዓሣ ገንዳው ውሃ ይነዝራል፤ ሂተሩ ነው ፓምፑ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። 100 ሊትር ገንዳ ነው፤ ሂተሩ፣ ባለፓምፑ ፊልተርና መብራቱ በአንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው። ጣት ላይ ቁስል ሲኖር ውሃው ይነዝራል። ከውሃው ወደ ሶኬቱ አርዝ (የመሬት መስመር) በመልቲሜትር ሲለካ 45 ቮልት ይላል። ዓሦቹ ግን ምንም አልሆኑም። ያሰጋል? የትኛው ዕቃ እንደሆነስ እንዴት ይለያል?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ሳትነቅል እጅህን አታስገባ። ዓሦቹን አይተህም አትዘናጋ፤ ውሃው በሙሉ እኩል ቮልቴጅ ላይ ስለሆነ በእነሱ በኩል የሚያልፍ ኮረንቲ የለም ማለት ይቻላል። እጅህ ውሃ ውስጥ፣ እግርህ መሬት ላይ ሲሆን ግን መንገዱ አንተ ነህ።

45 ቮልት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዲጂታል መልቲሜትር ከፓምፑ ጥቅልል ወደ ውሃው የሚጋባውን ደካማ ቮልቴጅም ያነባል። 47 ኪሎ ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር (ኮረንቲ የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) በሜትሩ ሁለት ጫፎች መካከል አስረህ እንደገና ለካ፤ ሬዚስተሩን የምታስረው ግን ሁሉም ጠፍቶ እያለ ነው። ወደ ጥቂት ቮልት ከወረደ የተጋባ ብቻ ነው፣ ፍሳሽ አይደለም። 40 ገደማ ላይ ከቆመ ወደ 1 ሚሊ አምፔር እየፈሰሰ ነው፤ ይህ ደግሞ ለመንዘር ይበቃል።

ከዚያ ሁሉንም ነቅለህ አንድ በአንድ ሰካ። ሂተሩን ስትፈትሽ በራሱ ላይ ያለው ትንሽ መብራት እስኪበራ ሙቀቱን ከፍ አድርግ። ባለሁለት እግር ፕላግ ገልብጠህ ስትሰካ ንባቡ ቢቀንስ ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ ፌዙና ኒውትራሉ (ኮረንቲ የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) ተለዋወጡ እንጂ ብልሽቱ እዚያው አለ።

መልስ 2
የአርዝ ሽቦ ውሃው ውስጥ ማስገባትስ አይሻልም?

መልስ 3
ብቻውን አይሆንም! የፍሳሹን መንገድ ይከፍታል እንጂ አያቋርጠውም። 16 አምፔር ብሬከር ለ30 ሚሊ አምፔር አይወርድም፤ ከ500 እጥፍ በላይ ልዩነት አለው፣ ሰውን የሚገድለው ግን ያ ትንሹ ነው። የሚያድነው 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (የፍሳሽ መቁረጫ) ነው፦ በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው ሲለያዩ ይቆርጣል። የመሞከሪያ ቁልፉን በየወሩ ተጫን። አርሲዲው ከተገጠመ በኋላ አርዝ ማስገባት ጥሩ ነው፣ ግን በቲታኒየም ዘንግ። መዳብ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል።

መልስ 1
በመጀመሪያው መልሴ ላይ ልጨምር፦ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የተሰነጠቀ የሂተር ብርጭቆ ነው። ትኩስ እያለ ከውሃ ሲወጣ ይሰነጠቃል፤ ነቅለህ 20 ደቂቃ ጠብቅ። የተሰነጠቀውን በሲሊኮን አትለጥፍ፣ ጣለው። የየዕቃውን ገመድ ደግሞ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ እንዲወጣ አድርገው፤ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ውሃ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል።