የእናቴ ጉልበት፦ ከፊሉ ይቀየር ወይስ ሙሉው?

ጠያቂ፦ እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ሜሪላንድ አብራኝ ትኖራለች። የቀኝ ጉልበቷ ለስላሳ አጥንት ከውስጥ በኩል አልቆ ደረጃ መውረድ አቅቷታል። መርፌውም ክኒኑም አልያዘላትም። ሐኪሙ «ያለቀው አንድ ጎን ብቻ ስለሆነ እሱን ብቻ እንቀይር» አለን። አክስቴ ደግሞ «ግማሽ ሥራ ምን ይረባል? አንዴ ይቀየርና ይገላገሉት» ትላለች። እናቴን ያስጨነቃት ስግደቱ ነው። ያለፈበት ሰው ይምከረኝ።

ባለ ከፊል ጉልበት፦ ልጄ፣ እኔ ካሠራሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በዚያው ዕለት ማታ በዎከር (በእጅ በሚያዝ መደገፊያ) እስከ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ፤ መኪና መንዳት የጀመርኩት በስድስተኛው ሳምንት ነው። ጅማቶቼ ስላልተነኩ ጉልበቱ የራሴ ይመስለኛል። ስግደቱን የንስሐ አባቴ «ቆመሽ ጎንበስ በይ» ብለውኛል። መንበርከክ ባይከለከልም ቆዳው ስለደነዘዘ ምቾት የለውም፤ ትራስ አደርግበታለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ጉልበት ሦስት ክፍሎች አሉት፦ የውስጥ ጎን፣ የውጭ ጎንና ከፊት ካለችው ክብ አጥንት ሥር ያለው። ከፊል ቅየራ የሚሆነው ጉዳቱ በአንዱ ብቻ ከተወሰነ ነው። ራጁ ቆመው የተነሱት መሆኑን፣ ፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ጤናማ መሆኑንና እግራቸው ሙሉ በሙሉ ለመዘርጋት ምን ያህል እንደሚቀረው ይጠይቁ። ሕመሙ መገጣጠሚያን ሁሉ የሚያቃጥል የሪህ ዓይነት ከሆነ ከፊሉ አይመከርም።

አንድ አባል፦ አክስትሽም ያሉት መሠረት የለሽ አይደለም። በእንግሊዝ 528 ሰዎች በሁለቱ ዓይነት ተከፍለው ለአምስት ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት ሁለቱም ተቀራራቢ ነበሩ፣ ከፊሉ ወጪው ያነሰ ሆኖ። በአገር አቀፍ መዝገቦች ግን እንደገና የሚቀየረው ከፊሉ ይበዛል። ሐኪሙ ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ጠይቂው፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምመዝነው ይህን ነው።

ባለ ከፊል ጉልበት፦ ረስቼው፤ ስኳር ካለባት አስቀድማ ታስተካክል፣ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ። የመጸዳጃ ቤት መቀመጫውን ከፍ አድርጉላት። ቡና የምታፈላበትን በርጩማ ደግሞ ከአሁኑ ደብቂባት!

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራጁ ተኝታ የተነሳችው ሆኖ ተገኘ፤ ሰኞ ቆማ ትነሳለች። በርጩማውን ደብቄዋለሁ፣ አገኘችው።