የተፈጥሮ አነቃቂዎች በግብዓት ብድር ይካተቱ? የአዳማ ዙሪያ አትክልት አምራቾች ክርክር

አወያይ፦ ለመጪው የበጋ መስኖ በብድር ከሚቀርቡት ግብዓቶች ጋር ከባሕር አረም፣ ከሂዩሚክ አሲድ (ከበሰበሰ ዕፅዋት ከሚገኝ ንጥረ ነገር) እና ከመሳሰሉት የሚሠሩ የተፈጥሮ የተክል አነቃቂዎች ይካተቱ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ደጋፊዎቹ አትክልቱ ሙቀትንና ጨውን እንዲቋቋም ያግዘዋል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ለገበሬው ሌላ ዕዳ ነው ባዮች ናቸው። የምርትና የሱቅ ስም ሳትጠሩ ተከራከሩ።

ቲማቲም አምራች፣ ወንጂ፦ ይካተቱ። በመጋቢት ማሳ ገብታችሁ አበባውን በጣታችሁ ነካ ብታደርጉት፣ አንገቱ ቢጫ ሆኖ ከመጋጠሚያው ይበጠሳል። ውኃ አልተጓደለበትም፤ ማዳበሪያውም በጊዜው ገብቷል። ቀኑ ከ32 ዲግሪ፣ ሌሊቱ ከ21 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም የአበባ ዱቄት ይዳከማል፤ ፍሬ አይቋጥርም። በዚህ ጊዜ ዩሪያ መጨመር ቅጠል ማብዛት ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ ከማበቡ በፊት የባሕር አረም ጭማቂ ረጭተው አበባው ሲጸናላቸው አይቻለሁ። ለፀረ ተባይ ሲሆን ሳንጠይቅ የሚሰጠን ብድር ለዚህ ሲሆን ለምን እጁ ያጥራል?

ሽንኩርት አምራች፣ ቆቃ፦ ልጄ፣ የጎረቤቶችህ አበባ የጸናው በመርጨታቸው ነው ወይስ በዚያ ሰሞን ደመና ስለነበረ? ያልተረጨ መደብ ትተው ነበር? ካልተዉ የምታወራው ስለ ዕድል ነው። እኔ ዘንድ ችግሩ በዓይን ይታያል። ውኃው ከቦዩ ሲደርቅ በመደቡ ትከሻ ላይ ነጭ ቅርፊት ይወጣል፤ ቀጥሎ የሽንኩርቱ ጫፍ ይቃጠላል። ይህን ጨው ጠርሙስ አያጥበውም። መፋሰሻ ያስፈልገዋል፤ ሶዲየም የበዛበት አፈር ከሆነ ደግሞ ጂፕሰም የተባለው ካልሲየም ያለው ማዕድን ተበትኖ በበቂ ውኃ መታጠብ አለበት። ብድር ካለ ለአፈር ምርመራ ይዋል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከአዳማ ቅርብ ነው፤ አዳማ ቀይ የምንለውን ሽንኩርት የሰጠን ማን ሆነና!

ግብዓት ሻጭ፣ አዳማ፦ ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው። መፋሰሻ ግን በአንድ ወቅት ተቆፍሮ አያልቅም፤ ሽንኩርቱ የሚሸጠው ዘንድሮ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ገዝቶ ይወስድና፣ ሰብሉ ጠውልጎ ከወደቀ በኋላ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ ከመዳብ ፀረ ሻጋታ ጋር ቀላቅሎ ይረጫል። ከዚያ «ውኃ ሸጥክልኝ» ብሎ ይመጣብኛል።

የሰብል ባለሙያ፦ የመርጫው ጊዜ ዋናው ጉዳይ ነው። አነቃቂ ማዳበሪያም መድኃኒትም አይደለም። ለምሳሌ አስኮፊለም ኖዶሰም ከተባለው፣ በሰሜን አትላንቲክ ድንጋያማ ዳርቻ ከሚበቅለው ቡናማ የባሕር አረም የሚወጣው ጭማቂ ተክሉን አስቀድሞ ያዘጋጀዋል፤ ተክሉ ፕሮሊንን የመሰሉ፣ በሴሉ ውስጥ ውኃ ለመያዝ የሚረዱ ነገሮችን ያከማቻል። ሙቀቱ ወይም ድርቁ ከገባ በኋላ ከተረጨ ጥቅሙ ያንሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የማዳበሪያ ደንብ አነቃቂን የሚተረጉመው በያዘው ንጥረ ነገር ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ነው፤ አምራቹም በመለያው ላይ የጻፈውን ውጤት ማስረዳት ይጠበቅበታል። እኛም «ለየትኛው ሰብል፣ ለየትኛው ችግር?» ብለን እንጠይቅ። «ለሁሉም» የሚል ጠርሙስ ካያችሁ ኪሳችሁን ያዙ።

ጎመንና ቃሪያ አምራች፣ አዳማ ዳርቻ፦ እናንተ ስለ አትላንቲክ ታወራላችሁ፤ ሽፈራው በየጓሯችን ቆሟል። ቅጠሉ ዚያቲን የተባለ የዕድገት ሆርሞን አለው። ለጋ ቅጠሉን ወቅጦና ጨምቆ፣ አንዱን እጅ ከ30 እጅ ውኃ ጋር መበጥበጥ በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ ነው። እኔ ለቃሪያዬ እጠቀምበታለሁ። ጣጣው ማጥለሉ ላይ ነው፤ በስስ ጨርቅ ደጋግመው ካላጠለሉት የጀርባ መርጫውን አፍንጫ ይደፍንና ባለቤቴ በስፒል ሲጎረጉር ያመሻል። ዕዳ ግን የለበትም።

የሰብል ባለሙያ፦ እህቴ፣ አልቃወምም። ሆኖም የቅጠሉ ዕድሜና የበቀለበት አፈር ሲለያይ ጭማቂውም ይለያያል፤ አድሮ ከኮመጠጠም ባይረጭ ይሻላል። ለብድር ዝርዝር የማይመቸው ለዚህ ነው።

ጎመንና ቃሪያ አምራች፦ ለብድር ዝርዝር ባይመች እኔን ምን ቸገረኝ?

ቲማቲም አምራች፦ የእኔ ማሳ ሰፊ ነው። ያን ሁሉ ሽፈራው ማን ይወቅጥልኛል?

አትክልት ሸማች፣ አዳማ፦ ተፈጥሯዊ ከሆነ ለሚበላው ሰው አያሰጋም ማለት ነው?

የሰብል ባለሙያ፦ ስሙ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ቁጥጥር ከላላ በመለያው ላይ ያልተጻፈ ፀረ ተባይ ሊቀላቀልበት ይችላል። ስለዚህ ያልተመዘገበ ምርት በብድር መግባቱን እኔም እቃወማለሁ።

ሽንኩርት አምራች፦ እንግዲያው ብድር ከመፈረማችን በፊት ሙከራ ይደረግ። በአንድ ማሳ ላይ ግማሹ መደብ አነቃቂ፣ ግማሹ ውኃ ብቻ ይረጭ፤ ምርቱ በሚዛን ይለካ። ወጪውን ሻጩ ይቻል።

ግብዓት ሻጭ፦ እችላለሁ፤ በቲማቲምም በሽንኩርትም። የሚረጨውን መደብ ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።

ሽንኩርት አምራች፦ እዚህ ላይ አንስማማም። አንተ ለቦዩ የቀረበውን፣ አፈሩ የሰባውን ትመርጣለህ። ዕጣ ይጣል።

ግብዓት ሻጭ፦ ዕጣውንስ ማን ይጣል?

ጎመንና ቃሪያ አምራች፦ እኔ። ከሁለታችሁም የምፈልገው ነገር የለም።