ሞምባሳን በትንሽ ገንዘብ እንዴት እንያት?

ጥያቄ፦ መንገድ ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ ጋር ናይሮቢ ዘመድ ጋ ነን፤ ከመመለሳችን በፊት ሞምባሳን ሦስት ቀን አይተን መምጣት አስበናል። ኪሳችን ግን ሳሳ ያለ ነው። ስፈልግ የማገኘው ሁሉ የባሕር ዳር ሪዞርት ነው፣ እኔ የፈለግኩት አሮጌውን ከተማ፣ ምሽጉንና ገበያውን ነው። በምን እንሂድ? የት ሰፈር እንደር? የቱ በነጻ ይታያል? እናቴ ስልሳን አልፋለች፤ እግሯ ደህና ነው፣ ሙቀት ግን አትችልም። ጾም ላይም ነን።

መልስ፦ ሻንጣዬ

በባቡር ሂዱ፣ አታስቢበት። ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኢኮኖሚ ክፍሉ 1,500 ሺሊንግ ሆኗል፤ ድሮ 1,000 ነበር፣ ቢሆንም ያዋጣል። ፓስፖርት ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ በዓልና ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ያልቃል። ጣቢያው ላይ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ሻንጣ መሬት ላይ ተደርድሮ በውሻ ይሸተታል፣ ከዚያ ደግሞ ፍተሻ አለ። ባቡሩ ጻቮ ፓርክን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ዕድለኛ ከሆናችሁ በቀዩ አፈር የቀሉ ዝሆኖችን በመስኮት ታያላችሁ፣ ያውም ያለ ፓርክ መግቢያ ክፍያ።

አንድ ነገር፦ የሞምባሳው ጣቢያ ከተማው ውስጥ አይደለም፣ ሚሪቲኒ የሚባል ዳር ላይ ነው። እንደወረዳችሁ ባለ ታክሲዎች ይከብቧችኋል። ዝም ብላችሁ ወጥታችሁ ወደ ከተማ የሚሄድ ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲ) ያዙ።

መልስ፦ የዳር አገር ሰው

ልጄ፣ እኔ እዚያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማደሪያ ደሴቱ ላይ ፈልጊ (መሃል ከተማው ደሴት ነው)፣ ወደ ምሽጉ በእግር በሚኬድበት። ከደሴቱ ማዶ ባሕር ዳር ያሉት ኒያሊና ባምቡሪ ያምራሉ፣ ግን ለማየት የፈለግሽው ሁሉ ደሴቱ ላይ ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ የትራንስፖርት ትከፍያለሽ፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ መጨናነቁ አለ። ክፍል ስታዪ አጎበሩን እይ፣ ማራገቢያውን አስነስተሽ ሞክሪ። ወባ ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ምሽጉ ላይ (ፎርት ኢየሱስ ነው ስሙ) ገንዘብ አውጡ፣ ሌላው ቢቀር ይቅር። ፖርቹጋሎች ከ1593 እስከ 1596 (ሁሉም ዓመት እ.ኤ.አ. ነው) ሠሩት፣ በ1698 የኦማን ዓረቦች ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ከብበው ወሰዱት፣ እንግሊዞች ደግሞ እስከ 1958 ድረስ እስር ቤት አደረጉት። ከ2011 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ውስጡ ያለው ሙዚየም በከበባው ጊዜ ምሽጉ ሥር ከሰመጠችው የፖርቹጋል መርከብ የወጡ ዕቃዎችን ያሳያል፤ እኔ ሦስቴ ገብቼ ሦስቴም እዚያው ነው የቆምኩት። ጠዋት ሲከፈት ግቡ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ግቢው ምጣድ ነው፣ ለእናትሽ አይሆንም።

መልስ፦ ሻንጣዬ

በር ላይ አስጎብኚ ነኝ የሚሉ ይጠብቃሉ። ጥሩዎች አሉ፣ ግን ዋጋ ሳትነጋገሪ አንድ እርምጃ አትሂጂ። እኔን አንዱ «እንደ ወንድም ነን» ብሎ ሁለት ሰዓት አስጎበኘኝና መጨረሻ ላይ የጠራው ዋጋ ከሆቴሌ በለጠ።

መልስ፦ አያ ጉዞ

ስለ ሰዓት ልንገርሽ። ስዋሂሊ እንደኛው ነው የሚቆጥረው። ሰዓቱንም «ሳአ» ይሉታል! «ሳአ ሞጃ» ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት፣ «ሳአ ምቢሊ» ሁለት ሰዓት። እኔ አዋቂ ነኝ ብዬ ከባለ ባጃጅ ጋር ለ«ሳአ ምቢሊ» ተቀጣጥሬ፣ ምቢሊ ሁለት ነው፣ የፈረንጅ ሁለት ደግሞ የኛ ስምንት ነው ብዬ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ሰውዬው ጠዋት መጥቶ ጠብቆ ጠብቆ ሄዷል። በስዋሂሊ ከነገሩሽ ምንም አትቀይሪ፣ በእንግሊዝኛ ከነገሩሽ ብቻ ቀይሪ።

መልስ፦ የቅመም ሽታ

እህቴ፣ ነጻውን እኔ ልንገርሽ። ከምሽጉ ወጥታችሁ በንዲያ ኩ መንገድ አሮጌው ከተማ ግቡ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጥላ አለው። በሮቹን ቀስ ብላችሁ እዩ፣ አበባው እንጨቱ ላይ በእጅ የተቀረጸ ነው። የሙስሊም ሰፈር ነው፣ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ፣ ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ቀጥሎ ማሪኪቲ ገበያ፣ ቅመም። ቢያሻራ ጎዳና ላይ ደግሞ ካንጋ የሚባል የሴቶች ጨርቅ ይሸጣል፤ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ጠርዙ ላይ በስዋሂሊ አባባል ተጽፎበታል። እናትሽ ከመግዛቷ በፊት ሻጩ ያንብብላት፣ አንዳንዱ ለጎረቤት የተሰነዘረ ሽሙጥ ነው።

ለማታ ማማ ንጊና የባሕር ዳሩ መናፈሻ፣ የመግቢያ ክፍያ የለውም። የተጠበሰ ካሳቫ በሎሚና በሚጥሚጣ ይዛችሁ መርከብ ሲገባ እያያችሁ መቀመጥ ነው። ከደሴቱ ወደ ደቡቡ ዳር የሚያሻግረው ሊኮኒ ጀልባም ለእግረኛ ነጻ ነው፣ ተሻግራችሁ ተመለሱ፣ ግን እዚያ ካሜራ አታውጡ፣ ክልክል ነው።

ጾሙ አያሳስብሽ። «ምባዚ» በሉ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ የርግብ አተር ወጥ ነው። ከ«ማሃምሪ» (በዘይት የተጠበሰ ሊጥ) ጋር ይበላል፣ ማሃምሪው ውስጥ እንቁላል ወይም የላም ወተት መኖሩን ብቻ ጠይቂ።

መልስ፦ አያ ጉዞ

ፌስታል ይዛችሁ እንዳትሄዱ! ኬንያ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ከልክላለች፣ ቅጣቱም የዋዛ አይደለም። የእናቶችን ሻንጣ ስለማውቅ ነው፣ ፌስታል በፌስታል ነው።

መልስ፦ መንገድ ወዳድ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ! የእናቴን ሻንጣ ከፍቼ አሥራ አንድ ፌስታል አወጣሁ። ባቡሩንም ቆርጫለሁ፣ ሁለት ወንበር። «ዝሆን ካላየሁ ብሬን ትመልሻለሽ» ብላኛለች።

መልስ፦ ሻንጣዬ

የማታውን አይደለም አይደል የቆረጥሽው? በጨለማ ምንም አይታይም።

መልስ፦ መንገድ ወዳድ

ኧረ የጠዋቱን ነው። ሳአ ምቢሊ!