የዕቅድ ውይይት፦ የናፍታ ጀልባዎቻችንን ዘይት በጋራ ማስመርመር

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንቅረጸው። በጣና ላይ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅና ወደ ጎርጎራ የምንሠራ ሰዎች የሞተራችንን ጤና የምናውቀው በድምፁና በጭሱ ነው። ድምፁ እስኪቀየር ከጠበቅን ግን ብሮንዙ (ክራንኩ የሚዞርበት ተሸካሚ) አልቆ እናገኘዋለን። ዘይቱ ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ቀድሞ ይናገራል። የአሜሪካ ባቡር ድርጅቶች የናፍታ ባቡሮቻቸውን በዚህ መንገድ መከታተል የጀመሩት በ1940ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ የተጠራጠረ ብቻ የዘይት ናሙና ወደ ላብራቶሪ አንዴ ከሚልክ፣ ሁላችንም በየዘይት ቅያሪው እንላክ። ወጪውን እንጋራው።

የደቅ መስመር ባለ ጀልባ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን በየጊዜው ለምን? አንዴ ተመርምሮ ደህና ነው ከተባለ አይበቃም ወይ?

የማኅበሩ መካኒክ፦ አይበቃም ጋሼ። አንድ ውጤት ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። ብረት 40 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 40 እጅ) ቢወጣ ለአንዱ ሞተር የተለመደ ነው፣ ለሌላው የችግር ምልክት ነው። ዘይቱ የሠራበት ሰዓትም ይወስናል። በ100 ሰዓት 30 ያወጣ ሞተር፣ በ250 ሰዓት 45 ካወጣው የበለጠ እየተበላ ነው፤ ቁጥሩ ግን ያነሰ ነው። መሐል ላይ ዘይት ከተጨመረበት ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ ይሳሳል። ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ውጤት ሳይያዝ ፍርድ መስጠት ይከብዳል።

ቁጥሮቹም አብረው ነው የሚነበቡት። ብረትና ክሮም ተያይዘው ሲጨምሩ ፋሻውንና (የፒስተን ቀለበቱን) ሲሊንደሩን እጠረጥራለሁ። እርሳስና ቲን ካሉበት ብሮንዙን። መዳብ ብቻውን ከወጣ ግን ከዘይት ማቀዝቀዣው ሊሆን ስለሚችል ሞተር ለማውረድ አትቸኩሉ። ሲሊኮንና አልሙኒየም አብረው ከመጡ አቧራ ገብቷል፣ የአየር ፊልትሮውን እዩ። ሲሊኮን ብቻውን ከሆነ አዲስ ከተቀባ የጋስኬት ማጣበቂያም ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ላብራቶሪው አያይም። የብረታ ብረት መለኪያው የሚያነበው በጣም የደቀቀውን ነው፤ ከ8 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ የሚበልጠው ያመልጠዋል። ተቦጭቆ የወደቀ የብሮንዝ ቅርፊት የሚቀረው ፊልትሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ፊልትሮ አትጣሉ፣ ክፈቱት። በመጋዝ ግን አትቁረጡት፤ የመጋዙ ብናኝ ይገባበትና የሌለ ችግር ታያላችሁ። ወረቀቱን አውጡ፣ ዘይቱን ጨምቁ፣ ፀሐይ ላይ ዘርጉት። የሚያብለጨልጭ ካያችሁ ማግኔት አስጠጉ። ከተሳበ ብረት ነው፤ ካልተሳበ ብሮንዝ ወይም አልሙኒየም ሊሆን ይችላል። ይሄ ምንም ብር አይፈልግም፤ ከነገ ጀምሮ ማድረግ እንችላለን።

ባለ ሁለት ጀልባ አባል፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ነገ አንዷን ልሸጥ ብል ውጤቱ በየሰው ስልክ ውስጥ ሲዞር ባገኘውስ? ያልገባው ሰው ቁጥር አይቶ ዋጋዬን ይሰብርብኛል።

ጸሐፊ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ውጤቱ ለባለቤቱና ለመካኒኩ ብቻ ይድረስ ብለን እንጻፍ። ማኅበሩ ጋ የሚቀመጠው ማን እንደላከ ብቻ ይሁን።

መካኒክ፦ ስለ መሸጥ ከተነሳ ስለ መግዛትም ልበል። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ «ዘይቱ ተመርምሯል» ቢሏችሁ መቼ ተቀየረ ብላችሁ ጠይቁ። ትናንት የተቀየረ ዘይት ውስጥ የሚገኝ ነገር የለም። የበርካታ ቅያሪ መዝገብ ያለው ሻጭ ከተገኘ ግን ትንሽ ጨምሮ መግዛትም አይከፋም። ስለዚህ እህቴ፣ መዝገቡ ሲሸጡ የሚጠቅመው እርስዎን ነው።

ፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ) የሚማር የአባል ልጅ፦ እንደምን ዋላችሁ። አባቴ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ከውጭ የሚመጣው መመሪያ በአብዛኛው የተጻፈው ለባሕር ጀልባ ነው። ሶዲየም ከታየ የባሕር ውሃ ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ ይላል። የጣና ውሃ ጨዋማ አይደለም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ካለ ወደ ዘይቱ መግባቱን ሶዲየም ወይም ፖታሲየም ሊያጋልጥ ይችላል። ብዙዎቻችን የምንጨምረው ግን ተራ ውሃ ነው። ያኔ የቴስታታ (የሞተር ራስ) ጋስኬት ውሃ ቢያሳልፍ የብረታ ብረቱ ዝርዝር ንጹሕ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንቦጭ የውሃ መሳቢያውን እየዘጋ ሞተር በሚግልበት ሐይቅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የውሃ ምርመራ ለብቻው ይጠየቅ።

እስከዚያ በምጣድ መሞከር ይቻላል። ትንሽ ምጣድ 160 ዲግሪ ገደማ ይጋላል፣ አንድ ጠብታ ዘይት ይደረግበታል። ጸጥ ካለ ደህና ነው። ከተንጣጣና አረፋ ካወጣ ውሃ አለበት። ውጭ ሆናችሁ፣ መነጽር አድርጋችሁ፣ ከአንድ ጠብታ ሳታሳልፉ።

ሌላው ከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የናፍታ ፖምፓው በባሕር ጠለል ልክ ከተስተካከለ ጥቁር ያጨሳል፣ ጥቀርሻውም ዘይት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የጥቀርሻውንም መጠን እንጠይቅ።

የዘጌ መስመር ካፒቴን፦ የገዳም ጎብኚ ስንጠብቅ ሞተር ሳናጠፋ የምንቆመውስ ዘይቱን ይጎዳል?

መካኒክ፦ ይጎዳል እንጂ! ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲዞር ያልተቃጠለ ናፍታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። 40 ቁጥር ዘይት በ100 ዲግሪ ውፍረቱ ከ12.5 ሴንቲስቶክስ በታች ከወረደ በአብዛኛው ናፍታ ነው። የሚያፈስ ኢንጄክተርም እንዲሁ ያደርጋል።

ባለ ቤንዚን ጀልባ፦ እኛስ?

መካኒክ፦ ዘይት ከቤንዚን ጋር የምትቀላቅሉ ከሆነ የሚመረመር ዘይት የላችሁም ወንድሜ። ባለ አራት ምት ከሆነ ግን ግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ የምለው፣ የሰዓት ቆጣሪ የሌለው ሞተር ከመላኩ በፊት ያስገጥም። ያለሱ ገንዘቡ ውሃ በላው ማለት ነው። ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ጀልባ የሦስት ናሙና ግማሽ ወጪ ይሸፍን። ናሙናው ተጠራቅሞ በአንድ ሰው ይሂድ። ፖሊንና አዲስ አበባ ያሉ ላብራቶሪዎችን ዋጋ እኔ አጠይቃለሁ።

ጸሐፊ፦ ያሻሻልኩት ጽሑፍ ይሄው፦ «እያንዳንዱ ባለ ናፍታ ጀልባ በየዘይት ቅያሪው ናሙና ይሰጣል። ናሙናው ሞተሩ ሠርቶ እንደሞቀ፣ በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ በንጹሕ ቱቦ ይሳባል፤ ከማፍሰሻ ዕቃ አይቀዳም። ጠርሙሱ ላይ የሞተሩ ሰዓት፣ የዘይቱ ሰዓት፣ የዘይቱ ዓይነትና የተጨመረው መጠን ይጻፋል። ከብረታ ብረት ሌላ ውሃ፣ ጥቀርሻና ውፍረት ይጠየቃል። ፊልትሮ ተከፍቶ ፎቶ ይነሳል።»

ባለ ሁለት ጀልባ አባል፦ መጥፎ ውጤት የመጣበት ጀልባ ወዲያው ይቁም የሚል እንዳይጨመርበት። እንጀራችን ነው።

መካኒክ፦ በቁጥር ብቻ አይቆምም። መጀመሪያ ሁለተኛ ናሙና፣ ከዚያ ፊልትሮ፣ ከዚያ የዘይት ግፊት መለኪያው ይታያል። ከሦስቱ ሁለቱ ችግር መኖሩን ካሳዩ ግን ሰው ጭኖ መውጣት የለበትም። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ባለ ሁለት ጀልባ አባል፦ በዚህማ እስማማለሁ። እንዲሁ ይጻፍ።