ታማ ከዓረብ ሀገር ለተመለሰች ልጅ የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸፍናል? የሕግ ሰዎች እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የሕግ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የጤና ፖሊሲ ማሻሻያንና በሰው የመነገድ ወንጀልን ያገናኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን መላ አጥቻለሁ።

ክልከላው ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18(2) በሰው መነገድን ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ ከቅጣቱ ባሻገር ስለ ተጎጂዎች ጥበቃ ይደነግጋል። በሰው መነገድን ለመከላከል የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ አንቀጽ 6(3) የሕክምናና የሥነ ልቦና ድጋፍን ያነሳል፤ ሀገራት እንዲያስቡበት እንጂ በቀጥታ አያስገድድም።

የከበደኝ ገንዘቡ ጋ ስደርስ ነው። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ታማ የመጣች ልጅ ሆስፒታል ስትገባ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የታሰበው ለመደበኛ ሠራተኞችና ለጡረተኞች ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ የሚሠራው በቤተሰብ አባልነት ነው። እሷ ደሞዝም የለኝም፣ መዋጮም አልከፈልኩም ብትል ከሁለቱም ውጭ ልትቀር ነው። የአእምሮ ሕክምና ሲሆን ደግሞ ክትትሉ ወራት ይወስዳል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። የሕክምና ወጪ በካሣ እንዲከፈል የወሰነ የሰበር ወይም የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ አይታችኋል? ከስደት ተመላሾችን በነጻ ለማከም የወጣ የክልል መመሪያስ አለ? ከ1178/2012 በፊት በሥራ ላይ በነበረውና በተሻረው አዋጅ ቁጥር 909/2007 የተሰጠ ፍርድም ይጠቅመኛል። የመዝገብ ቁጥሩ ይበቃል፤ የተጎጂ ስም ግን እንዳትጽፉ፣ አደራ።